የሥራ ካርድ ለሮቶ መግዣ፦ ረቂቁ ላይ ሀሳብ ስጡ (የወተመህ ማለትም የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት ግሩፕ፣ ደሴ፤ ሸዋ በር፣ ሙጋድ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አራዳ የሚሉት የወላጆቹ ሰፈሮች ናቸው)

ሰብሳቢ፦ ረቂቁን ትናንት ለጥፌ ያነበበው ያለ አይመስለኝም። ባጭሩ፣ ለሽንት ቤቱ ሮቶ እንገዛለን። በነፍስ ወከፍ መዋጮ የለም፣ ያለፈው ምን እንዳመጣ ታውቃላችሁ። ልጁ ቤት ውስጥ ሲሰራ ወላጅ ካርዱ ላይ ይፈርማል፣ ለአንድ ፊርማ 2 ብር፣ በሳምንት ቢበዛ 10 ፊርማ። አርብ አርብ ለክፍል ተጠሪ ይሰጣል። ሥራዎቹ አልጋ ማንጠፍ፣ እቃ ማጠብ፣ ቤት መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት፣ ቡና ማፍላት፣ ታናሽን ማስጠናት። እስከ ሐሙስ ሀሳብ ስጡ ቅዳሜ ለርዕሰ መምህሩ ይገባል

የመንታዎቹ እናት፦ እኔ እጥፍ ልከፍል ነው?

የ6ኛ ሀ አባት፦ ቡና ማፍላት አንድ ፊርማ ነው ሦስት? አቦል ቶና በረካ አለ እኮ። ልጅቷ ከመቁላት ጀምራ ሲኒ አጥባ እስክታነሳ ሁለት ሰአት ትቀመጣለች፣ ያ ጎረምሳ ደግሞ ብርድ ልብሱን አንዴ ጎትቶ እኩል 2 ብር። ይሄ ፍርድ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ

ሸዋ በር፦ ሦስት ነው ወላሂ። በረካ ሳይደርስ ቡና ተጠጣ የሚል ደሴ ውስጥ አላውቅም

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ በቀን ሁለቴ የሚጠጣ ቤት በሳምንት ስንት ሊሆን ነው? ጣሪያው 10 ነው ሰዉ እሑድን ሳያገኝ ካርዱ ሊሞላ ነው

የሙጋዷ፦ ሕፃን ልጅ ከሰል ላይ የምታስቀምጡት ደግሞ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የኔ 3ኛ ክፍል ናት፣ ጀበና አታነሳም

ሸዋ በር፦ ለትልልቆቹ ነዋ

መምህር (ግብረ ገብ)፦ ቡናውን ለጊዜው ተዉትና፣ ብሩ ራሱ ያሳስበኛል። በፈረንጅ 1973 ሌፐር የሚባል ተመራማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ስዕል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ወስዶ ለተወሰኑት ከሳላችሁ ሽልማት አለ አላቸው። በኋላ ሽልማት በሌለበት ሲታዩ እነዚያ ቀድሞ ቃል የተገባላቸው ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሳሉት። ልጁ ወዶ የሚሰራውን በብር ከገዛነው ብሩ ሲቆም ሥራውም ይቆማል

የ6ኛ ሀ አባት፦ መምህር እነዚያ ስዕል ይወዱ ነበር። የኔ ልጅ ሰሃን ወዶ አያውቅም፣ ምኑ ይጠፋል

መምህር (ግብረ ገብ)፦ እሱስ ልክ ነህ፣ ነገሩ አስቀድሞ በሚወዱት ላይ ነው። ግን አልጋና የራሱ ሰሃን የራሱ ግዴታ ይሁን፣ ፊርማው ለተጨማሪ ሥራ ብቻ ብንል ይሻላል

ሰብሳቢ፦ ጥሩ ነው ይሄን አስገባለሁ

ቧንቧ ውሃ፦ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው ይላል። እየከፈልን ካሰራን በኋላ ጥያቄ እንዳይመጣ

የመንታዎቹ እናት፦ አሰሪዋ እናቱ ናት እንዴ 😂 ጡረታም ልቁረጥለት

ፈረቃ ሰራተኛ፦ እኔ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሰራው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ቤት ስገባ ልጄ ተኝታለች። ራት ሰርታ ታናሿን አብልታ አስተኝታ ነው የምትተኛው፣ እሱ ዝርዝሩ ላይ የለም። ማንስ ነው የሚፈርምላት? ሌላው ልጅ አልጋ አንጥፎ ፊርማ ሲወስድ የኔዋ ባዶ ካርድ ይዛ ልትቆም ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ አያቷ ይፈርሙላት

ፈረቃ ሰራተኛ፦ አያት የለም

ሰብሳቢ፦ እናየዋለን እህቴ

ቧንቧ ውሃ፦ ቡናው ላይ ሳንስማማ ወደ ሌላ አንሂድ። እኔ አንድ ነው እላለሁ፣ ደግሞ ወንድ ልጅ ሲኒ ሊያጥብ ነው ወይ? ቤቴ እንዲህ አይነት ነገር አላስገባም

የሙጋዷ፦ በየትኛው ዘመን ነው ያለኸው

ቧንቧ ውሃ፦ ሥርዓት ያዢ

የሙጋዷ፦ አንተ ያዝ! ሚስትህ ስትቆላ አንተ ቲቪ ስር ተጋድመህ እንደምትጠብቅ ሰፈሩ ያውቃል፣ ሲኒ ማጠብ ነው የከበደህ?

ቧንቧ ውሃ፦ የኔ ቤት አጀንዳ ነው? በ2014 በጦርነቱ ያ ሁሉ የት/ቤቱ ዕቃ ሲዘረፍ ወንበር በትከሻዬ ተሸክሜ የመለስኩ ሰው ነኝ፣ ያኔ የት ነበርሽ?

[ቧንቧ ውሃ ግሩፑን ለቋል]

ሸዋ በር፦ ኧረ አብሽሩ፣ ቡና ነው እኮ

የ6ኛ ሀ አባት፦ ሦስቱን በአንድ ተኩል ፊርማ እናስማማ

ገንዘብ ያዥ፦ ግማሽ ፊርማ እንዴት ነው የሚፈረመው ንገረኝ

ሰብሳቢ፦ ይቅርታ ጠይቁና ይመለስ። ለሮቶው ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ የሚያመጣ ሰው እፈልጋለሁ

አራዳ፦ እኔ አመጣለሁ ነገ

[ሰብሳቢ ቧንቧ ውሃን ግሩፑ ውስጥ አስገብቷል]

ቧንቧ ውሃ፦ ተመልሻለሁ ለልጆቹ ስል ነው። ሲኒ ይጠቡ አልከለክልም፣ የኔን ግን አትፃፉ

የሙጋዷ፦ ይቅርታ ጋሼ ተናድጄ ነው። በነገራችን ላይ ይሄን ሁሉ ስለ ቡና ከምናወራ ለምን ራሱን ቡናውን አንሸጥም? የሴሚስተር መዝጊያ ወላጅ በሙሉ ይመጣል፣ ልጆቹ ያፍላሉ ያስተናግዳሉ፣ እሱም ሥራ ነው

ሸዋ በር፦ ማሻአላህ ይሄ ነው ሀሳብ! አንዱ ሲኒ በ20 ብር። ረከቦት ከኔ

የመንታዎቹ እናት፦ ቄጠማና እጣን እኔ አለሁ። መንታዎቹም ያስተናግዳሉ ለብሰው

መምህር (ግብረ ገብ)፦ ልጆቹ ቤት ውስጥ እንዲሰሩ ነበር እኮ የተነሳነው። የአንድ ቀን ዝግጅት እንዴት ነው ልማድ የሚሆነው?

ሰብሳቢ፦ ካርዱ ለሁለተኛው ሴሚስተር ይደር መምህር፣ ቡናው ይቅደም። @አራዳ ፕሮፎርማው የት ደረሰ?

ገንዘብ ያዥ፦ አይቶታል

ሰብሳቢ፦ @አራዳ

ገንዘብ ያዥ፦ የት/ቤቱ ሲኒ አይበቃም፣ ቆጥሬያለሁ፣ ግማሹም እጀታ የለውም። ለሲኒና ለጀበና መጀመሪያ ከየወላጁ 50 ብር ይሰብሰብ፣ በቴሌብር፣ ስክሪንሾት ያልላከ አልከፈለም

የ6ኛ ሀ አባት፦ መዋጮ የለም ተብሎ አልነበር?

ገንዘብ ያዥ፦ ይመለሳል ከሽያጩ

ፈረቃ ሰራተኛ፦ መዝጊያው በሥራ ቀን ነው?

ሰብሳቢ፦ አርብ ጠዋት። እሺ የተስማማነውን ልፃፍ፦ ቡና፣ ረከቦት ሸዋ በር፣ ቄጠማና እጣን የመንታዎቹ እናት፣ 50 ብር እስከ ማክሰኞ

ቧንቧ ውሃ፦ ፈንዲሻ አልተያዘም

የሙጋዷ፦ ስኳርም። ደግሞ በጨው የሚጠጣ አለ ለሱ ለብቻ ጀበና ያስፈልጋል

የ6ኛ ሀ አባት፦ በጨው የሚጠጣውም በ20 ብር ነው?