«ንጹሕ ከሰል» የሚባለው የምር አለ ወይስ ብር መብያ ነው?

ሂዩስተኔው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ከሂዩስተን ደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፣ ለሥራ ስመላለስ ፓሪሽ የሚባለውን ትልቅ የኃይል ማመንጫ ከሩቅ አየዋለሁ። ባለፈው አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «እዚያ እኮ ጭሱን ይዘው መሬት ውስጥ ይቀብሩታል፣ መንግሥትም ከፍሎበታል» አለኝ። ታዲያ ያ ከላይ የሚትጎለጎለው ነጭ ነገር ምንድን ነው? ትራምፕም በ2025 ስለ «ውብ ንጹሕ ከሰል» ትእዛዝ ፈርሟል። እኔ ከሰል ሲባል የሚመጣብኝ የእናቴ ምድጃ ነው፣ እሱ ደግሞ እጅ ያጠቁራል እንጂ አያጸዳም። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ቦይለር፦
ነጩ በአብዛኛው እንፋሎት ነው ወንድሜ። ይያዛል የሚባለው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ቀለም የለውም፣ ቢወጣም ባይወጣም አታየውም። ልጁ አልዋሸህም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። ፓሪሽ በድንጋይ ከሰል የሚሠሩ አራት ዩኒቶች (የማመንጫ ክፍሎች) አሉት። ፔትራ ኖቫ የሚባለው መሣሪያ የተገጠመው አንዱ ላይ ብቻ ነው፣ ያውም የዚያን ዩኒት ጭስ ከሲሶ ትንሽ የሚበልጠውን ነው የሚወስደው። ከወሰደው ላይ ግን 90 በመቶውን ካርቦን እንዲይዝ ነው የተሠራው፣ ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጭሱን አሚን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ያሳልፉታል፣ ፈሳሹ ካርቦኑን ይዞ ያስቀራል። ከዚያ ፈሳሹ በእንፋሎት ሲሞቅ ካርቦኑን ይለቀዋል፣ ተጨምቆ በቧንቧ ይሄዳል። ጣጣው ያለው ማሞቁ ላይ ነው፣ እንፋሎቱን ከራሱ ከማመንጫው ከወሰድክ የምትሸጠው መብራት ይቀንሳል። እነሱ ምን አደረጉ? ለዚህ ሥራ ብቻ ጎኑ ላይ በጋዝ የሚሠራ ሌላ ማመንጫ ተከሉ። የከሰል ጭስ ለመያዝ ጋዝ ያቃጥላሉ፣ የጋዙ ጭስ ደግሞ አይያዝም!

«ይቀብሩታል» ያለህም፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ወስደው አሮጌ የነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ይከቱታል፣ የቀረውን ነዳጅ ገፍቶ እንዲያወጣ።

ዳር ተመልካች፦
ቦይለር ስለ ገንዘቡ ዘለልከው። ፔትራ ኖቫ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል፣ ከዚህ ውስጥ እስከ 190 ሚሊዮን የመንግሥት ነው። በ2017 መጀመሪያ ሥራ ገባ፣ በ2020 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ተዘጋ። ከዚያ አንዱ ባለቤት ግማሽ ድርሻውን በስንት ሸጠ መሰላችሁ? በ3.6 ሚሊዮን ዶላር! ገዢው የጃፓኑ ሸሪክ ነው፣ በ2023 መልሶ አስነሳው።

እሱ እንኳ ከተሳካላቸው ወገን ነው። የኮንግረስ ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2021 እንዳወጣው፣ የኢነርጂ ሚኒስቴሩ ለስምንት የከሰል ፕሮጀክቶች 684 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው አንድ ብቻ ነው። እሱም ይኸው ፔትራ ኖቫ። ሚሲሲፒ ውስጥ ኬምፐር የተባለው ከሰሉን ወደ ጋዝ ለውጬ አቃጥላለሁ ብሎ ከ3 ቢሊዮን በታች ተገምቶ 7.5 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ፣ በ2017 ከሰሉን ትቶ ተራ የተፈጥሮ ጋዝ ማቃጠል ቀጠለ። ኢሊኖይ ላይ ፊውቸርጄን የሚባለው ደግሞ በ2003 ታወጀ፣ በ2008 ተሰረዘ፣ እንደገና ተነሣ፣ በ2015 ድጋሚ ቀረ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ኬሚስቷ፦
መንግሥት ሲነካው ሁሉ ይበላሻል ማለት ግን ልክ አይደለም። ሰልፈርን እዩት። በ1990 የወጣው ሕግ ለማመንጫዎቹ በአጠቃላይ ይህን ያህል ሰልፈር ብቻ ነው የምትለቁት አለ፣ ከዚያ በታች የለቀቀ የተረፈውን ፈቃድ ለሌላው መሸጥ ይችላል። ዛሬ ከማመንጫዎች የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። ማጣሪያው ጭሱን በተፈጨ በሃ ድንጋይ ያጥበዋል፣ የሚወጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጀሶ! ብዙ አሜሪካ ያለ ቤት ግድግዳው ከከሰል ጭስ የተሠራ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ለሰልፈር ገደብ ነበረ፣ የለቀቀ ይከፍላል። ለካርቦን ግን የቀረበው «እባክህ ሞክር፣ ብር እንሰጥሃለን» ነው። ብሩ ሲያልቅ ወይም ነዳጅ ሲረክስ ባለቤቱ ማሽኑን የሚያስኬድበት ምን ምክንያት አለው?

ዳር ተመልካች፦
እህቴ ጥሩ ብለሻል፣ ግን ጀሶ ገዢ አለው። ካርቦን ከነዳጅ አውጪ በቀር ማን ይገዛዋል? ደግሞ የሰልፈሩ ስኬት ግማሹ የማጣሪያ አይደለም፣ ብዙዎቹ ሰልፈሩ ዝቅተኛ የሆነውን የዋዮሚንግ ከሰል በባቡር እያስመጡ ነው የተገላገሉት።

ኬሚስቷ፦
ስለ ባቡሩ እውነትህን ነው። ግን ከሰል መቀየሩም የመጣው ገደቡ ስላለ ነው። ገዢውን በተመለከተ፣ አሁን በግብር ቅናሽ በኩል መንግሥት ራሱ ገዢ ሆኗል ማለት ይቻላል። በ2022 ሕግ መሬት ውስጥ ለቀበረ በቶን 85 ዶላር፣ ለነዳጅ ማውጫ ለተጠቀመበት 60። በ2025 ግን አዲስ ለሚተከሉት ሁለቱን እኩል 85 አደረጉት። ይሄኛው እኔንም አልጣመኝም።

አላፊ፦
እኛ አገር መብራቱ ከሞላ ጎደል የውኃ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ድነናል። ከሰሉን ለሲሚንቶ ነው የምናቃጥለው፣ እዚያ ላይ ስለ ጭሱ የሚያወራ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ሂዩስተኔው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፓሪሽም የዋዮሚንግ ከሰል ነው እንዴ የሚያቃጥለው? ባቡር መሻገሪያ ላይ ቆሜ ፉርጎ ስቆጥር ስንት ጊዜ ሥራ አርፍጃለሁ መሰላችሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ያ የግብር ቅናሽ ለስንት ጊዜ ነው?

ቦይለር፦
አዎ የዋዮሚንግ ነው። ቅናሹ መሣሪያው ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ 12 ዓመት።