የዞምቢ ተኩስ ማሽን በጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ዒላማ አልመታም አለ፤ ምን ይሻላል?

ፍራንኮ_ጌም (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጌም ቤት ውስጥ ያለ ባለሁለት ሽጉጥ ማሽን ነው። ጨዋታው ሀውስ ኦፍ ዘ ዴድ 2፣ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰው ቦርድ ሴጋ ናኦሚ። ያገለገለ ሆኖ ከውጭ የገባ ስለሆነ በ110 ቮልት ነው የሚሠራው፣ በትራንስፎርመር ይዘነዋል። ባለ 29 ኢንቹ ቱቦ ስክሪን እየደበዘዘ መጥቶ ጨለማው ክፍል ላይ ዞምቢው ራሱ አይታይም ነበር። እሱ ወጣና በምትኩ ባለ 32 ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በቪጂኤ ገመድ ገባ።

ምስሉ አንደኛ ነው። ችግሩ ሽጉጦቹ ናቸው። የአንደኛው ተጫዋች ሽጉጥ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ጥይት ይሞላል እንጂ አንድም ዞምቢ አይመታም። የሁለተኛው ጭራሽ ድምፅም የለው። ቴስት ሜኑ ገብተን ልናስተካክል ስንል አይቀበልም። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚነካካ ነገር አለ? ወይስ ሽጉጦቹ ተቃጥለዋል? አሮጌው ስክሪን አልተጣለም፣ ጓዳ ተቀምጧል።

ቴስተር_በእጁ

አሮጌውን ስላልጣልከው ተመስገን በል።

የአንደኛው ሽጉጥ ምልክት ብቻውን ብዙ ይናገራል። በዚህ ጨዋታ ስድስቱ ጥይት ሲያልቅ የሚሞላው አፈሙዙን ከስክሪን ውጭ አዙሮ በመተኮስ ነው። ማሽኑ «ከስክሪን ውጭ ተኮሰ» የሚለው ምላጩ ተስቦ የሽጉጡ ዓይን የሚጠብቀውን ብርሃን ሲያጣ ነው። በተተኮሰ ቁጥር የሚሞላ ሽጉጥ እንግዲህ ምላጩ ጤነኛ ነው፤ ያላየው ዓይኑ ነው። ሁለተኛው ምንም ካልሰጠ ምላጩ ውስጥ ያለው ስዊች ወይም ገመዱ ነው። ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ከዚህኛው ጋር አታደባልቀው።

ዓይኑ ለምን አላየም? የቱቦ ስክሪን ምስሉን በአንዴ አይዘረጋም። ጨረሩ ከላይ ከግራ ጥግ ይነሳና መስመር በመስመር እየጠረገ ይወርዳል፣ በሰከንድ 60 ጊዜ። ሽጉጡ ውስጥ ያለችው ፎቶዳዮድ (ብርሃን የምታየው ዓይኑ) ጨረሩ ባነጣጠረችበት ነጥብ ሲያልፍ ታየዋለች። ቦርዱ ከሲንክ ምልክቱ (ምስሉ መጀመሩን ከሚናገረው) ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይቆጥርና ስንተኛው መስመር፣ ከመስመሩም የቱ ጋ እንደሆነ ያውቃል። በ31 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 31 ሺህ ያህል መስመር ሲጠረግ፣ አንድ መስመር ተጠርጎ የሚያልቀው በ32 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ግን ጨረር የለውም፤ ምስሉን ተቀብሎ፣ መጠኑን ለውጦ፣ በሚሊሰከንዶች አዘግይቶ ያወጣል፣ የጀርባ መብራቱም እንደበራ ነው። «ጌም ሞድ» ላይ ብታደርገው መዘግየቱ ይቀንሳል እንጂ ወደ ማይክሮሰከንድ አይወርድም። ሜኑውን እየነካካህ አትድከም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ሽጉጡ የዚህ ዓይነት ከሆነ ነው። ሌላው ዓይነት በስክሪኑ ዙሪያ የተደረደሩ ኢንፍራሬድ ኤልኢዲዎችን ነው የሚያየው፣ እሱ ስለ ስክሪኑ ዓይነት ደንታ የለውም። ሳጥኑ ላይ በተለጠፈው ስም አትመን፤ ያገለገሉ ሳጥኖች ውስጣቸው ብዙ ጊዜ ተለውጦ ነው የሚመጡት። መለያው ቀላል ነው። ማሽኑን አብርተህ የስልክህን የፊት ካሜራ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ያዝ። ወይን ጠጅ ወይም ነጭ ሆነው የሚበሩ ነጥቦች ካየህ ኢንፍራሬድ ነው። የጀርባው ካሜራ ብዙ ስልኮች ላይ ማጣሪያ ስላለው ሊያሳስትህ ይችላል። ሁለተኛው መለያ ደግሞ ሲተኮስ ስክሪኑ ለቅጽበት ነጭ ብልጭ ማለቱ ነው፤ ብልጭታው ፎቶዳዮዷ ጨለማ ቦታ ላይም ብርሃን እንድታገኝ የሚደረግ ነው። ብልጭ ካለ በጨረር የሚሠራው ነው።

ሀይቅ_ዳር (ሀዋሳ)

ኢንፍራሬድ ሆኖ ከተገኘ ቴሌቪዥኑን አታውጣው፤ ልኩ ገጥሞልሃል። የ29 ኢንች ቱቦ የሚታየው ክፍል 54 በ41 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ባለ 32 ኢንች ጠፍጣፋ 71 በ40 ነው፤ ምስሉን 4 ለ 3 ላይ ብታደርገው 53 በ40 ይሆናል። ኤልኢዲዎቹን ከነፍሬማቸው በፊት በነበሩበት ርቀት መልሰህ ካሊብሬት ማድረግ (ዒላማውን ማስተካከል) ነው። ምስሉን ወደ ጎን ለጥጠህ ብትተወው ግን መሀል ላይ ይመታል፣ ጠርዝ ላይ ይስታል።

በየትኛውም ዓይነት ቢሆን የምታስቀምጥበትን ቦታ አስብበት። የአዳማ ፀሐይ በበር ገብታ ስክሪኑ መስታወት ላይ ካረፈች ኢንፍራሬዱ ሽጉጥ ነጸብራቋን እንደ ኤልኢዲ ይቆጥራታል። ሃሎጅንና የድሮው ክር አምፖልም እንዲሁ። በጨረር የሚሠራው ደግሞ ከተጫዋቹ ጀርባ ያለ ደማቅ መብራት መስታወቱ ላይ ሲንጸባረቅ ይደናገራል፤ ጥይቱ ዒላማው ሳይሆን ሌላ ቦታ ያርፋል። ስክሪኑ ፊቱን ለበር አይስጥ፣ ከማሽኑ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይም መብራት አይሰቀል።

ሌንሱን ስታጸዳ አልኮል አትንካው። ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰነጣጠቃል፣ ከስክሪኑ ፊት ያለው ጠቆር ያለ ፕላስቲክም እንደዚያው። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። አቧራው ሌንሱ ላይ ከጋገረ መጀመሪያ በብሎወር ንፋው፤ ደረቁን ከጠረግከው ይቧጭረዋል።

ፍራንኮ_ጌም (አዳማ)

አመሰግናለሁ ወንድሞች። በካሜራ ታየ፣ ጠርዙ ላይ ምንም የሚበራ ነገር የለም። ሲተኮስም ነጭ ብልጭ ይላል። ስለዚህ በጨረር የሚሠራው ነው ማለት ነው። አሮጌው ቱቦ ግን ደብዛዛ ነው፣ እሱን መልሼ ምን ላደርገው?

ቴስተር_በእጁ

መጠገን። ቱቦው ራሱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከሱ በፊት የሚታይ ነገር አለ።

ፍላይባኩ (ለቱቦው ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያመነጨው ትራንስፎርመር) ላይ በእጅ የሚዞሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ፎከስ፣ ሌላው ስክሪን ተብሎ ተጽፎበታል። ስክሪን የሚለውን በጣም በቀስታ ወደሚያደምቀው አቅጣጫ አዙረው። በምስሉ ላይ ሰያፍ ነጫጭ መስመሮች መታየት ሲጀምሩ ቆመህ፣ እስኪጠፉ ድረስ ትንሽ መልሰው። ያ ነው ልኩ። ከዚያ በላይ ከገፋኸው ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ቱቦውም ይደክማል። ምስሉ ጥርት ካላለ ፎከሱን። ደምቆ ወዲያው ከደበዘዘ ወይም ጠርዙ ከታጠፈ የቻሲው (የስክሪኑ ሰርኪት ቦርድ) ካፓሲተሮች ደርቀዋል፤ ያበጡትንም ጤነኛ የሚመስሉትንም ባንዴ ማስቀየር ይሻላል። ቮልቴጃቸው ካለው እንዳያንስ፣ ሙቀታቸው 105 ዲግሪ የሚል ይሁን።

ልብ በል፣ ይህን ሥራ የድሮ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ይሥራው። ቱቦው ጎን ላይ ባለው የጎማ ቆብ ሥር 25,000 ቮልት ገደማ አለ፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይቆያል። የሚያውቀው ሰው በሽቦ ከቱቦው ጀርባ ካለው የመሬት ጥልፍ ጋር አገናኝቶ በካቻቢቴ ያወርደዋል። ማሽኑ ሲበራ እጁን የሚያስገባ ሰው ካለ ደግሞ በአንድ እጅ ብቻ ይሥራ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠጋኙ «የሌላ ቴሌቪዥን ቻሲ ልግጠምበት» ካለህ እሺ አትበል። የቤት ቴሌቪዥን 15 ኪሎኸርዝ ነው፣ ያንተ ቦርድ የሚያወጣው 31 ነው። ምስሉ ተቆራርጦ ይወጣል፣ ወይም የመስመር ትራንዚስተሩ ይቃጠላል።

ምናለሽ_ተራ

ከቱቦው በፊት ኤሌክትሪኩን እዩት እንጂ! ደብዛዛ ስክሪን ከደካማ ቮልቴጅም ይመጣል።

ትራንስፎርመሩ ስንት ቪኤ ነው? ከማሽኑ ጀርባ ያለው የብረት ምልክት ላይ አምፔሩ ተጽፏል። ለምሳሌ 4 አምፔር ካለ፣ 4 ጊዜ 110፣ 440 ቪኤ ማለት ነው። ቱቦው ሲነሳ ዲጋውሱ (የቱቦውን ማግኔት የሚያጠፋው ጥቅል ሽቦ) ለአፍታ ብዙ ስለሚስብ ከእጥፉ ትንሽ ከፍ ያለውን፣ ማለትም የ1,000 ቪኤ ያዝ። ለላፕቶፕ የሚሸጠው ትንሹ 500 የተጻፈበት በትክክል 500 የሚሸከምበት ጊዜ ጥቂት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ከባድ ትራንስፎርመር ይገኛል፤ ካልሆነ ዲናሞ ጠምጣሚ ይጠመጥምልሃል፣ ክብደቱን አይተህ ተቀበል። ከትራንስፎርመሩ በፊት፣ በ220 በኩል፣ ስታብላይዘር ይኑር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ መዘግየት ያለው ስታብላይዘር ይሁን፤ ሳጥኑን ወዲያው እንዳያነሳው።

ሳጥኑ ውስጥ ለስክሪኑ ብቻ የተለየ ትንሽ ትራንስፎርመር ሊኖር ይችላል። «110 ነው የሚገባው፣ 110 ነው የሚወጣው፣ ምን ይሠራል» ብሎ የሚያወጣው ሰው አይጠፋም። የስክሪኑን ቻሲ ከመስመሩ የሚለየው እሱ ነው። ካለሱ ቻሲው ከሳጥኑ ብረት ጋር ሲገናኝ ፊውዝ ይበላል፣ ከባሰም ሰው ይይዛል።

ከላይ ያለው የማስታወቂያው ሸምበቆ መብራት ለ60 ኸርዝ የተሠራ ባላስት ካለው እዚህ በ50 ኸርዝ ይግላል፣ ይጮኻል። አውጥተህ ኤልኢዲ አድርግበት።

ቦርዱን ደግሞ በቴስተር ለካው። ናኦሚ 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ይፈልጋል። ፓወር ሰፕላዩ ጋ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ሶኬቱ የሚገባበት ጋ ለካ፣ ገመዱ መሀል ላይ ቮልቴጅ ይበላልና። 5ቱ ከ4.9 በታች ከወረደ ጨዋታው ራሱን ያስነሳል፣ ሽጉጡም አንዴ ይሠራል አንዴ ይተዋል። ሽጉጡ የሚበላው ከዚሁ 5 ቮልት ነው።

ሀይቅ_ዳር (ሀዋሳ)

የኤሌክትሪኩ ነገር ትክክል ነው። ግን ነገ ቱቦው ቢሞት መተኪያው አይገኝም፣ ስለዚህ ሁለተኛ መንገድም ይታሰብ። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ሽጉጥ አለ። ሲንደን የሚባለው አፈሙዙ ውስጥ ካሜራ አለው፤ በምስሉ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይሳላል፣ ካሜራው ያን ጠርዝ አይቶ የት እንዳነጣጠረ ያሰላል። በጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይሠራል፣ ኤልኢዲ መለጠፍ የለም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ተጫዋቹ በጣም ከቀረበ ጠርዙ በሙሉ ካሜራው ውስጥ አይገባም። ጋንፎርአይአር የሚባለው ደግሞ በእጅ የሚሠራ ነው። አርዱዊኖ ፕሮ ማይክሮ የምትባል ትንሽ ቦርድ፣ ኢንፍራሬድ ካሜራ፣ ቴሌቪዥኑ ዙሪያ አራት ቦታ ኤልኢዲ። የድሮውን ሽጉጥ አካል ሳይጥሉ ውስጡን ብቻ መቀየር ስለሚቻል እኔ ብመርጥ ይህን ነው። ሁለቱም የናኦሚ ቦርድ ላይ ቀጥታ አይሰኩም፣ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

ሌላ ማሽን ለመግዛት ካሰብክ ከቱቦ ጣጣ የሚያወጣህ የዚሁ ጨዋታ አራተኛው ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሴጋ ሊንድበርግ ቦርድ የወጣው። ውስጡ ሊኑክስ የጫነ ኮምፒውተር ነው፣ ጥይት የሚሞላውም መሣሪያውን በመወዝወዝ ነው። ልጆቹ በኃይል ስለሚወዘውዙት ገመዱ ቶሎ ያልቃል፣ እሱን ግን ከወዲሁ እወቅ።

ፍራንኮ_ጌም (አዳማ)

ትራንስፎርመሩ 500 የሚል ነው፣ ይቀየራል። ቱቦውን ጠጋኝ እያየው ነው። የሁለተኛውን ሽጉጥ ከፈትነው፤ ምላጩ ሲጫን ስዊቹ ላይ ቴስተሩ ይጮኻል፣ ገመዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ግን አይጮኽም።

ቴስተር_በእጁ

እንግዲያው ስዊቹን ተወው፣ ገመዱ ነው። ቴስተሩን ጫፉ ላይ አስረህ ምላጩን እንደተጫነ ያዝና ገመዱን ከሰደፉ ጀምረህ በጣትህ እያጠፍክ ውረድ። የሚጮኽበት ቦታ ስታገኝ የተቆረጠው እዚያ ነው። ዘጠና በመቶው ከሰደፉ እስከ አንድ ጋት ባለው ውስጥ ነው፣ ሰው ሲጎትተው የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ።

ያን ክፍል ቆርጠህ ጣለውና ገመዱን አሳጥረህ ወደ ውስጥ አስገባ። መሀል ላይ ቀጥለህ በናስትሮ አትጠቅልል፣ ሁለት ሳምንት አይቆይም። ሽቦዎቹን ከመንቀልህ በፊት በስልክ ፎቶ አንሳ። ብዙ ጊዜ አራት ናቸው፦ 5 ቮልት፣ መሬት፣ የዓይኑ ምልክት፣ ምላጩ። 5 ቮልቱን ከምልክቱ ጋር ካቀያየርክ ፎቶዳዮዷን ትገድላታለህ። በስታኞ ካሰርክ በኋላ ገመዱን ሰደፉ ውስጥ ባለው መቆንጠጫ በብሎን አጥብቀው። መቆንጠጫው ከተሰበረ ገመዱን ውስጥ አንዴ ቋጥረው፣ ጉተታው ስታኞው ላይ ሳይሆን ቋጠሮው ላይ ይቅር።

ቱቦው ተመልሶ ሲገባ ካሊብሬሽኑን ወዲያው አታድርግ፤ ቱቦው ሲሞቅ ምስሉ መጠኑን ትንሽ ይቀይራል። 20 ደቂቃ ያህል ይብራ። ከዚያ ሳንቲም መቀበያው በር ውስጥ ያለውን ቴስት ቁልፍ ተጫን፣ በሰርቪስ እየወረድክ ጌም ቴስት ሞድ ግባ። ተጫዋቹ በሚቆምበት ቦታ፣ በሚይዝበት ቁመት ሆነህ የሚታዩትን ዒላማዎች ተኩስ። ጎንበስ ብለህ ወይም ተጠግተህ ካስተካከልከው ዓይንና አፈሙዝ አይገጥሙም፣ ደንበኛው «ይስታል» እያለ ይመልስልሃል። ሁለቱን ሽጉጥ ለየብቻ አድርግ። ስትወጣም ሴቭ ብሎ መውጣቱን አረጋግጥ፤ ሶኬቱን ብትነቅል የድሮው ልክ ነው የሚመለሰው።