ማሪናሌዳን የሚያውቅ አለ? እንዴት አንድ ሰው 44 ዓመት ከንቲባ ይሆናል?

ዮናስ_ሲቪያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስፔን፣ ሲቪያ ከተማ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ባለፈው እሁድ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ኤስቴፓ ይዞኝ ሲሄድ ማሪናሌዳ በምትባል ትንሽ ከተማ አለፍን። ቤቶቹ እንደ ሌላው የአንዳሉሲያ ከተማ ነጭ ናቸው፣ ግን የስፖርት አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ የቼ ጉቬራ ፊት ተስሎበታል። ባልደረባዬ «እዚህ ቤት በወር 15 ዩሮ ነው፣ የከተማ ፖሊስ የለም፣ ከ1979 እስከ 2023 ድረስም ከንቲባው አንድ ሰው ነበር» አለኝ። እኔ ለአንዲት ክፍል የምከፍለውን አስቤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነት ነው? እዚያ ብመዘገብ ቤት ይደርሰኛል?

የኮርዶባው፦
እውነት ነው ወንድሜ። ሰውየው ኹዋን ማኑዌል ሳንቼዝ ጎርዲዮ ይባላል፣ የታሪክ መምህር ነበር። ከአምባገነኑ ፍራንኮ በኋላ የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ በ1979 ሲደረግ አሸነፈ፣ ከዚያም በየአራት ዓመቱ። እዚህ ሀገር ሕዝቡ ከንቲባውን በቀጥታ አይመርጥም። የምክር ቤት አባላትን ይመርጣል፣ እነሱ ናቸው ከንቲባ የሚሰይሙት። ማሪናሌዳ 2,600 ገደማ ነዋሪ ስላላት 11 ወንበር አላት፣ ስለዚህ ስድስቱን የያዘ ከንቲባነቱን ያዘ ማለት ነው።
ፓድሮን (የከተማው የነዋሪዎች መዝገብ) ላይ መመዝገብ የትም ብትኖር መብትህ ነው። ድምፅ መስጠት ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት አይቻልም። ለከተማ ምርጫ የሚፈቀደው ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎችና ስፔን ስምምነት ላላት ሀገር ሰዎች ነው።

ሰናይት_ማላጋ፦
ምርጫውን ብቻ ካያችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ዋናው መሬት ነው። የዚያ ከተማ ሰው ድሮ መሬት አልነበረውም፣ የሰው እርሻ ላይ የቀን ሥራ እየሠራ ነበር የሚኖረው። ወይራ ሲለቀም ሥራ አለ፣ ከዚያ በኋላ ወራቱን ቁጭ ነው። በ1980 ወደ 700 የሚሆን ሰው የረሃብ አድማ መታ፣ ስሙንም «በረሃብ ላይ የረሃብ አድማ» አሉት። ቀጥሎ የኢንፋንታዶ መስፍን ርስት የነበረውን ኤል ኡሞሶን ያዙ። ፖሊስ ያስወጣቸዋል፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ያስወጣቸዋል፣ በዚያ በሚያቃጥል የአንዳሉሲያ በጋ በእግራቸው እየሄዱ ተመልሰው ይገባሉ። ለዓመታት እንዲህ ነበር። በመጨረሻ በ1991 የአንዳሉሲያ መንግሥት 1,200 ሄክታሩን ለእነሱ አደረገው።
እኛ «መሬት ላራሹ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ይሄ ልባችንን ይነካዋል። ግን ልብ በሉ፣ መሬቱን ለየቤቱ አልተከፋፈሉትም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው በጋራ ነው የሚያርሱት። እኔን በጣም የሚገርመኝ ደግሞ የሚዘሩት ነው። በመስፍኑ ጊዜ ማሳው በማሽን የሚታጨድ እህል ነበር፣ ብዙ ሰው አያሠራም። እነሱ ቃሪያ፣ አርቲቾክ፣ ባቄላና ወይራ አደረጉት፣ ሁሉም የሰው እጅ የሚፈልግ። ትርፉ ስንት ነው ከማለት በፊት ስንት ሰው ያሠራል ብለው ነው የመረጡት! ማሸጊያ ፋብሪካም አላቸው። አንድ ጊዜ የእነሱን የቀይ ቃሪያ ብልቃጥ ገዝቼ ነበር። ተጠብሶ፣ ልጣጩ ተልጦ፣ በዘይቱ ውስጥ እንደተኛ። ያንን ሁሉ የሚልጥ እጅ እንዳለ ሳስብ ሥራው ከየት እንደሚመጣ ገባኝ።

ዮናስ_ሲቪያ፦
ሰናይት በጣም አመሰግናለሁ። የቤቱስ ነገር?

የኮርዶባው፦
ቤቱ ዝም ብሎ አይሰጥም። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን ያዘጋጃል፣ የክልሉ መንግሥት ለግንባታ ዕቃው ይረዳል፣ ግንበኛም ይመደባል፣ ቀሪውን ጉልበት ግን ባለቤቱ ራሱ ያወጣል። 15 ዩሮው ከዚያ በኋላ የሚከፈል ነው። ሸጠህ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ዛሬ ተመዝግበህ ነገ ቁልፍ አትጠብቅ።

መላኩ_ማድሪድ፦
ጥሩ ነገሩ ሲነገር ሌላውም ይነገር እንጂ። ቤቱም ሥራውም ከአንድ ወገን ሲመጣ ያንን ወገን መቃወም ከባድ ነው። የከተማው ጉዳይ የነዋሪው ስብሰባ ላይ በአደባባይ እጅ እየተነሳ ነው የሚወሰነው፣ ጎረቤትህ እያየህ። ሥራ አጥነት የለም የሚባለውም የተጋነነ ነው፣ ከውጭ የሚመጣው ድጋፍም ትንሽ አይደለም። ጥላቻ የለኝም፣ ነገር ግን 44 ዓመት አንድ ሰው ብቻ መሪ ሲሆን ከሱ በኋላ ማን ይችላል የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም።

ሰናይት_ማላጋ፦
መላኩ፣ የእጅ ማውጣቱ ላይ እስማማለሁ፣ ድምፅ በምስጢር ቢሆን ይሻል ነበር። ሰውየው ግን በ2023 ጤናው ስላልፈቀደ አልተወዳደረም፣ ከዚያው ወገን ሌላ ሰው ተተካ፣ ማኅበሩም ሥራውን ቀጠለ። ዮናስ፣ ከልብህ ከሆነ ወይራ ሲለቀም ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ሂድና ማዘጋጃ ቤቱ ገብተህ ራስህ ጠይቅ። ስፓኒሽህ ካስቸገረህ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።