ወንዙ ሲሞላ ቦዬ ውሃውን መልሶ ያመጣብኛል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛልና እርዱኝ። መሬቴ ረግረግ ዳር ያለ ረባዳ ቦታ ነው። ውሃውን ወደ ወንዙ የሚወስድ ቦይ አለኝ፤ በደህናው ጊዜ ጥሩ ይሰራል። ወንዙ ሲሞላ ግን ከቦዩ አፍ በላይ ይሆንና ውሃው ተመልሶ ማሳው ላይ ይተኛል። ሲሸሽም ቦዩን በደለል ደፍኖት ይሄዳል።

አጥልቀህ ቆፍረው ይሉኛል። እኔ ግን ፈራሁ። አፈሩ ጥቁር፣ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ፣ የበሰበሰ ሥር የሞላበት ነው። እንዲህ ያለ አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መሬቱም ይበልጥ ዝቅ ይላል። ደግሞስ ከታች ያሉት ጎረቤቶቼስ?

ቦዩ አፍ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት መዝጊያ ላድርግ? ታዲያ ወንዙ እስኪጎድል የዝናቡ ውሃ የት ይጠራቀም? ቄጠማ የበቀለበትን ጥግ ለውሃው ልተውለት ይሆን? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።