ናይጄሪያ የረታችበት የለንደን ክስ፦ ወጪና ኪሳራው ለምን በናይራ አልሆነም?

ጥያቄ | ሒሳብ ሠራተኛዋ
ሰላም ናችሁ? እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ናይጄሪያ ፒ ኤንድ አይ ዲ የሚባለውን ኩባንያ ለንደን ላይ ረታች። ኩባንያው የጠበቃ ወጪዋን እንዲከፍል ተወሰነ። እሱ ግን «በናይራ (በናይጄሪያ ገንዘብ) ልክፈል» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። ገንዘቡ መጀመሪያ የወጣው ከናይራ ካዝና ከሆነ፣ በናይራ ቢመለስ ናይጄሪያ ምን ይጎድልባታል?

መልስ | የክርክር ጠበቃ
እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ታሪኩን በአጭሩ ላስቀምጥ። ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ናይጄሪያና ኩባንያው በተፈራረሙት የ20 ዓመት የጋዝ ውል ነው። በውሉ የታሰበው የጋዝ ማጣሪያ ጭራሽ አልተገነባም። የግልግል ዳኞቹ (ከመደበኛ ፍርድ ቤት ውጭ ክርክሩን እንዲፈርዱ የተሰየሙት) ግን በ2017 ናይጄሪያ 6.6 ቢሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወሰኑ። ከወለዱ ጋር ከ11 ቢሊዮን አለፈ። በኦክቶበር 2023 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔው የተገኘው በማጭበርበር ነው አለ። ለነዳጅ ሚኒስቴር የሕግ ባለሥልጣን ጉቦ ተከፍሏል። ናይጄሪያ ከጠበቆቿ ጋር የተጻጻፈቻቸው ምስጢራዊ ሰነዶችም ኩባንያው እጅ ገብተዋል። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ያን ያህል ዕዳ በአንድ ሕዝብ ላይ ሊጫን ነበር!

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የናይጄሪያ ጠበቆች ሒሳብ የጠየቁት በፓውንድ ነው፤ የተከፈላቸውም በፓውንድ፣ ወደ 44 ሚሊዮን ገደማ። ናይጄሪያ ፓውንዱን ለማግኘት ናይራ መንዝራለች። ከጁን 2023 በኋላ ግን የናይራ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። እንበልና አንድ ፓውንድ በ500 ናይራ ገዝተሽ ለጠበቃ ከፈልሽ። ፍርዱ ሲመጣ አንድ ፓውንድ 1,000 ናይራ ገብቷል። ኩባንያው 500 ናይራሽን ቢመልስልሽ ግማሽ ፓውንድ ብቻ ነው የከፈለው። የይግባኙ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

መልስ | ተጠራጣሪ
ሌላውም ወገን ይታይ እንጂ። ናይጄሪያ ፓውንዱን ተቀብላ ብትመነዝረው ካወጣችው ናይራ እጥፍ ታገኛለች። ይህ ትርፍ አይደለም? በካሳ ክስ ላይ ፍርድ ቤት የሚያየው ተጎጂው ጉዳቱ የደረሰበትን ገንዘብ አይደል?

መልስ | የክርክር ጠበቃ
ወንድሜ፣ ኩባንያውም የተከራከረው በዚሁ ነው። በካሳ ላይ ያልከው ትክክል ነው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በውጭ ገንዘብ ይፈርዳሉ። ወጪና ኪሳራ ግን ካሳ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ለረቺው እንደ አግባቡ የሚያስተካክለው የክርክር ወጪ ነው። ይግባኝ ሰሚው በ2024፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በኦክቶበር 2025 የኩባንያውን ክርክር አልተቀበሉም። መነሻው ፓውንድ ነው፤ ወይም ጠበቃው ሒሳብ የጠየቀበትና ደንበኛው የከፈለበት ገንዘብ ነው።

ለኔ ከሁሉ በላይ ሚዛን የሚደፋው ምክንያት ሌላ ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ለጠበቃ ሲከፍል ገንዘቡ ከየትኛው አገር ሒሳብ መጣ? ከብድር ነው? በየትኛው ቀን ተመነዘረ? ይህ ሁሉ ይጣራ ከተባለ በወጪው ላይ ሌላ ትልቅ ክርክር ይከፈታል። ለዚያም ደግሞ ጠበቃ ይከፈለዋል። ትርፍ ላልከውም፣ ናይጄሪያ ከኪሷ የወጣውን ያንኑ የፓውንድ መጠን እንጂ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

መልስ | ሒሳብ ሠራተኛዋ
አሁን ገባኝ፤ ደረሰኙ በፓውንድ ነውና ዕዳውም በፓውንድ ነው። ግልግል ዳኞቹ ራሳቸው ወጪ ሲወስኑስ?

መልስ | የክርክር ጠበቃ
እዚያ ሕጉ ሰፋ ይላል። የእንግሊዝ የ1996 የግልግል ሕግ አንቀጽ 48 ዳኞቹ በየትኛውም ገንዘብ እንዲከፈል ማዘዝ ይችላሉ ይላል፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር። ስለዚህ በውል ውስጥ የግልግል አንቀጽ ስታረቅቁ የወጪው ገንዘብ ምን እንደሚሆን በግልጽ ጻፉ። ከጠበቃ ጋር ስትዋዋሉም ሒሳቡ በምን ገንዘብ እንደሚጠየቅ ከፊርማ በፊት ጠይቁ፤ ብትረቱ የሚመለስላችሁ በዚያው ሊሆን ይችላል።