የመንዝን ባና አሠራር ለሥነ ጥበብ ስንማር የማንን ፈቃድ እንጠይቅ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሥነ ጥበብ ተማሪ የሆንሁ እኅታችሁ ነኝ። የመንዝን ባና፣ ማለትም ከበግ ፀጉር የሚሸመነውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሠራር ከባለሙያዎቹ ተምሬ፣ ከበግ ፀጉርና ከጓሳ ሣር ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሥራዎችን ለዐውደ ርእይ ላዘጋጅ አስቤአለሁ። ዕውቀታቸውን ወስጄ በራሴ ስም ብቻ ማቅረብን ኅሊናዬ አልተቀበለውም። ፈቃድ የምጠይቀው ከማን ነው? ውለታቸውስ በምን ይመለሳል?

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ፦
ልጄ፣ ይህን ሥራው ሳይጀመር መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። አደራ የምልሽ ግን ወደ ሸማኔው ብቻ እንዳትሄጂ ነው። ባና ሲነሣ ሰው የሚያስበው መወርወሪያ የያዘውን ወንድ ነው፤ ሆኖም የበጉን ፀጉር አጽድተው በእንዝርት የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ክሩ መቅጠን መወፈሩ፣ የባናውም ጥንካሬ ከእነርሱ እጅ ይጀምራል። ከእናቶች አጠገብ ተቀምጠሽ መፍተል ሳትለምጂ የሸማኔውን ሥራ ብቻ ፎቶግራፍ አንሥተሽ ብትመለሺ፣ ዋናውን ሳትማሪ ቀረሽ ማለት ነው። ማስተማርም ሥራ ነውና የዋሉበትን ክፈያቸው። ስማቸው በዐውደ ርእዩ ይጻፍ እንደሆነ እያንዳንዳቸውን ጠይቂ፤ አይጻፍ የሚሉ ካሉም ፈቃዳቸውን አክብሪ።

መልስ፣ ከመንዝ ጌራ፦
ስለ ጓሳ ሣሩ ልጨምር። ጓሳ የሚባለው የመንዝ የሣር መሬት በአባቶች ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ የኖረ፣ ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ሲፈቀድ ብቻ የሚታጨድ ሀብት ነው፤ ሣሩም ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም፣ ኅብረተሰቡ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሣሩን ከገበያ ብትገዢው እንኳ በተፈቀደ ጊዜ የታጨደ መሆኑን አረጋግጪ፤ የሣሩን ጥቅም የሚያውቁት ሰዎች የአጠባበቁም ባለቤቶች ናቸውና።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሕጉን በተመለከተ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ ጥበቃ ሲሰጥ ከሥራው በስተ ጀርባ ያለውን ሐሳብና የአሠራር ዘዴ አይጠብቅም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚጠብቀው ከጄኔቲክ ሀብት፣ ማለትም ከዕፀዋትና ከእንስሳት የዘር ሀብት፣ ጋር በተያያዘ መጠን ነው። በእኔ እምነት የሽመና ስልት በሁለቱ መካከል ያለ ጠባቂ ቀርቷል። ሆኖም ሁለተኛው አዋጅ የማኅበረሰቡን ቅድሚያ ፈቃድና የጥቅም መጋራትን መሠረት ማድረጉ መልካም አርአያ ስለሆነ፣ ማንም ባያስገድድዎት እንኳ በዚያው መንገድ ይዋዋሉ። ሥራው ቢሸጥ ድርሻቸው ስንት እንደሚሆን፣ ፎቶግራፋቸውም የት እንደሚወጣ በጽሑፍ ይስፈር። ከመፈረማቸው በፊት ውሉ ይነበብላቸው፤ ምስክሮቹም እነርሱ የመረጧቸው ይሁኑ።