ጥቆማ፦ ጅማ ላይ የአበባ ማሰሮ አፈር ውስጥ ለሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነፍሳት ምን ይገዛል? ማን ጋ ይኬዳል?

ጥያቄ፣ ከቦሳ ኪቶ

ሰላም ለሁላችሁ። በረንዳና ሳሎን ላይ 14 ማሰሮ አለ፦ ፖቶስ፣ ፈርን፣ ናና፣ ጤና አዳም፣ ሁለት የቡና ችግኝ። ውሃ ሲጠጡ ከአፈሩ ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ብን ይላሉ። ፈርኑ ላይ ደግሞ ነጫጭ የሚፈናጠሩ አሉ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ብሷል። ከፀረ ተባይ ሱቅ መድኃኒት ይገዛ? ችግኝ ሻጮች ጋ አፈር ይቀየር? ወይስ ቤት ውስጥ ባለ ነገር ይመለሳል?

መልስ፣ ከመንደራ ቆጪ

ከመግዛትዎ በፊት ይለዩ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብን የሚለው የፈንገስ ትንኝ ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ እግሩ ረጃጅም፣ በረራው ደካማ። እንደ ፍራፍሬ ዝንብ ሙዝ ላይ አይከማችም፤ ከአፈሩና ከመስኮት መስታወት አይርቅም። ክንፋሙ ተክሉን አይነካም። ጉዳቱ ከእጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ ከሚፈለፈለው ትል ነው፦ ሰውነቱ ነጭ ሆኖ ውስጡ የሚታይ፣ ራሱ ጥቁር የሚያብረቀርቅ፣ ቁመቱ እስከ 5 ሚሊ ሜትር። ሻጋታና የበሰበሰ ነገር ይበላል፤ ሲበዛ ወደ ለጋ ሥር ይዞራል። ያደገ ፖቶስ ይችለዋል። የቡና ችግኝና ገና ሥር እያወጣ ያለ የናና ቁራጭ አይችሉትም።

ነጩ የሚፈናጠረው ሌላ ነው። ከሆዱ በታች የታጠፈች ማስፈንጠሪያ አለችው፤ ሲነኩት እሷን ለቅቆ ይዘላል። ክንፍ የለውም፤ ሻጋታና ብስባሽ በልቶ ያድራል። ለእሱ አምስት ሳንቲም አያውጡ። ሰው ነጭ ያየውን ሁሉ ምስጥ ይለዋል፤ ምስጥ ግን አይዘልም።

ማረጋገጫው ድንች ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አፈሩ ላይ ጫን አድርገው ያስቀምጡ፣ በ3ኛው ቀን ገልብጠው በስልክ ካሜራ አጉልተው ይዩ። ጥቁር ራስ ያላቸው ነጫጭ ክሮች ካሉ አለቀ። ሁሉም ማሰሮ ላይ ያድርጉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ሁለት ወይም ሦስት ማሰሮ ነው፣ ሌሎቹ እንግዳ ተቀባዮች ናቸው።

መልስ፣ ከሄርማታ

ትንኙ ከተረጋገጠ፣ በእኔ ሚዛን ከላይ ያለው በነጻ የሚገኘው ነው፦ ማድረቅ። ትንኟ እንቁላሏን የምትጥለው እርጥብ ገጽ ላይ ነው፤ እጩም ከላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይወርድም። የላይኛው 3 ሴንቲ ሜትር እስኪደርቅ ውሃ አይስጡ። የጅማ ክረምት ግን ማሰሮ ቶሎ አያደርቅም፤ «በየ3 ቀኑ» የሚባለውን ቆጠራ ትተው ማሰሮውን አንሥተው ክብደቱን ይለኩ። ፈርን ድርቅ አይወድም፣ እሱን ከታች ያጠጡት፦ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ የተረፈውን መድፋት።

ቀጥሎ ቢጫ ማጣበቂያ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ካልተገኘ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን 8 በ12 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ፣ ሁለቱንም ፊት ቫዝሊን ይቀቡ፣ በስንጥር ከአፈሩ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ያቁሙ። የአይጥ ሙጫ ከቫዝሊን ይበልጥ ይይዛል፤ እንሽላሊትንም ይይዛል፣ ምስኪኗ ደግሞ ትንኝ የምትበላልን ናት። በየሳምንቱ ጠርጎ እንደገና መቀባት ነው። ይህ የሚይዘው ክንፋሙን ብቻ ስለሆነ ብቻውን አያድንም፤ ጥቅሙ ቁጥሩን ማሳየቱ ነው።

ከዚያ አሸዋ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ከላይ። ለግንባታ ከሚራገፈው ሻካራውን ይምረጡ፤ የልስን አሸዋ ደቃቅ ስለሆነ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ነገሩን ያብሰዋል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይጠቡት። የታች ቀዳዳውንም አይርሱ፣ በዚያ ይገባሉ። የአጎበር ቁራጭ ዓይኑ ሰፊ ነው፤ ስስ ጨርቅ አጥፈው ይደግፉበት።

ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገኛል። አንድ እጅ ከአራት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ደረቅ አፈር ላይ ሲያፈሱት አረፋ ይደፍቃል፣ የነካውን እጭ ይገድላል። በማግሥቱ ግን ተራ ውሃ ሆኗል፤ አዲስ እንቁላል ይጣልበታል።

መልስ፣ ከጅሬን

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ፐርኦክሳይዱን ግን ከነጭራሹ እተወዋለሁ፤ ለጋ ሥር ላለው ችግኝ ደግሞ አይመችም። ገንዘቡ ኒም ዘይት ላይ ይዋል፦ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 2 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ 1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ። መጀመሪያ ዘይቱንና ሳሙናውን በጥብጠው ውሃውን ይጨምሩ፤ ካልሆነ ዘይቱ ተንሳፍፎ ይቀራል። አፈሩን በየ7 ቀኑ ያጠጡበት፣ 4 ጊዜ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይተኩበት፣ ጨው አለበት፣ ሥር ያቃጥላል። መዋቢያ ሱቅ «የኒም የፀጉር ዘይት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከሌላ ዘይት ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ጀርባውን አንብቡ፣ ኒም ብቻ የሚል ካልሆነ ይለፍ።

የፀረ ተባይ ሱቅን በተመለከተ፦ ለዚህ ጉዳይ አይሂዱ። ማላቲዮንም ሆነ ዲሜቶኤት ለእርሻ የተሠሩ ናቸው፤ ሳሎን ውስጥ ሽታቸው ሰው ላይ ይቀራል። ጤና አዳሙ ስኒ ውስጥ የሚገባ፣ ናናው ሻይ ውስጥ የሚገባ ነው። በሃይላንድ ተቀድቶ ያለ ስያሜ የሚሸጠውንማ በነጻ ቢሰጡዎት አይቀበሉ፤ መጠኑንም ዕድሜውንም ማንም አያውቀውም። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት ከተገኘ ደህና ነው፣ ግን «ኩርስታኪ» የሚለው ዝርያ ለአባጨጓሬ ነው፤ ለትንኝ የሚሠራው «እስራኤለንሲስ» የሚለው ብቻ ነው።

እዚህ ከተማ ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ የጀበናው አተላ። በረካ ከተጠጣ በኋላ አተላው ማሰሮው ላይ ይደፋል፣ ገጹ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ይሻግታል፣ ትንኟም የምትፈልገው ይኸንኑ ነው። አተላው በደንብ ከበሰበሰ ብስባሽ ጋር ካልተቀላቀለ ማሰሮ ላይ አይፈስም። አሁን ያለውን ቅርፊት በማንኪያ ጠርገው ያውጡ፤ ይህን ሳያደርጉ ኒም ማጠጣት ከንቱ ድካም ነው።

ጥያቄ፣ ከቦሳ ኪቶ

አመሰግናለሁ፣ ድንቹ ተደርጓል፤ ናናውና አንዱ ቡና ላይ እጩ ወጥቷል። አንዱ ፖቶስ ግን እጭ የለውም፣ ቅጠሉ ቢጫ ነው፣ ጉንዳን ይመላለስበታል። ሲነቀል የማሰሮው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ አለ። ሻጋታ ነው?

መልስ፣ ከመንደራ ቆጪ

በስንጥር ይጫኑት። ሻጋታ ይበናል ወይም ይፋቃል፤ ፈርጦ እርጥበት ከተወ የሥር ሚሊባግ፣ ማለትም ሥር የሚመጥ ነጭ ተባይ ነው። ጉንዳኑ የመጣው ለሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። እዚህ ማድረቅ አይሠራም፣ እንዲያውም ደረቅ አፈር ይስማማዋል። አፈሩን በሙሉ በፌስታል አሥረው ያስወግዱ፣ ጓሮ አይድፉት። ሥሩን ለብ ባለ ውሃ አጥበው የጠቆረውን ይቁረጡ፤ የጅሬኑ ሰው በጻፈው የኒምና ሳሙና ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይንከሩት። ማሰሮውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፈው በደንብ ያለቅልቁ። ከሌሎቹ ለይተው ያቆዩት፣ በ3ኛው ሳምንት ነቅለው እንደገና ይዩ።

መልስ፣ ከሄርማታ

ስለ አፈሩ። መንገድ ዳር ያሉ ችግኝ ሻጮች ተቀላቅሎ የተዘጋጀ ስለሚሰጡ ይቀላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ያልበሰበሰ የቡና ገለባ ይገባበታል። እፍኝ አንሥተው ያሽቱ፦ የዝናብ አፈር ከሸተተ ደህና፣ ኮምጠጥ ካለ ወይም ገለባው ቅርፁን ካልለቀቀ ይተዉት። አፈርና አሸዋ ለየብቻ ገዝቶ ቤት መቀላቀል የተሻለ ነው፦ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ 1 እጅ ሻካራ አሸዋ።

ጥርጣሬ ካለ በእንፋሎት ይቀቅሉት። ትልቅ ብረት ድስት፣ ከታች ሦስት ጣት ውሃ፣ በላዩ ወንፊት፣ እርጥበት ያለው አፈር በጨርቅ፣ መክደኛ። መሃሉ ላይ የእንቁላል ያህል ድንች ይቅበሩ፤ ድንቹ እስከ ውስጡ ሲበስል አፈሩም ደርሷል። ከዚያ በላይ አያቆዩት፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀት የአፈሩን ማንጋኒዝ ለቅቆ ተክሉን ይመርዛል። ክፍት አድርገው ለጥቂት ቀናት ካስቀመጡ በኋላ ይትከሉ።

መልስ፣ ከጅሬን

ነፍሳቱን በባለሙያ ማስለየት ከፈለጉ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ነው፤ የዕፅዋት ሳይንስ ክፍል ይጠይቁ። ናሙናውን በወረቀት ጠቅልለው አይውሰዱ፣ ይጨፈለቃል። ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ 70 በመቶ አልኮል ጨምረው 5 ወይም 6 ነፍሳት ያስገቡ፣ ቀኑንና የተክሉን ስም በእርሳስ ጽፈው ውስጡ ይክተቱ። እስክሪብቶ በአልኮል ይለቅቃል።

ደግሞ ቢጫው ላይ ትንኝ ቀነሰ ብለው በ2ኛው ሳምንት አያቁሙ። ከእንቁላል እስከ ክንፋም ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ 5 ሳምንት ይቀጥሉ።